በወረርሽኝ ዘመን የሕፃናት ወደ ሆስፒታል መምጣትና መቅረት

ወረርሽኝ በአንድ አገር ላይ በተነሣ ጊዜ ታሪክ ጸሓፊዎች አስቀድመው የሚመዘግቡት በበሽታው የሞቱትን ሰዎች ቊጥር ነው። ይህም የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን በወረርሽኙ የታመሙትንና የሞቱትን ብቻ ቈጥሮ መተው የታሪኩን እኩሌታ ጽፎ እንደ መተው ይቈጠራል። አዲስ በሽታ ገባ ተብሎ የቀድሞዎቹ በሽታዎች ሥራቸውን አያቋርጡምና። በዚያው ወራት ሕፃን ልጅ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ከደረጃ ላይ ይወድቃል፤ ሳንቲም ይውጣል፤ ትርፍ አንጀቱ ይታመማል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ወላጆቹ ልጁን አቅፈው ወደ ሆስፒታል ይሮጣሉን? ወይስ ወረርሽኙን ፈርተው «ነገ ይሻለው ይሆናል» እያሉ በቤታቸው ይቀመጣሉ? የዚህ ጥያቄ መልስ የብዙ ሕፃናትን ዕድል ሲወስን የኖረ ስለ ሆነ፣ በልዩ ልዩ አገር የሆነውን ከዚህ ቀጥለን ለአንባብያን እናቀርባለን። በውጭ አገር ስለ ሆነው ነገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሕፃናት ሆስፒታል አጀማመር

ሕፃናት ብቻ የሚታከሙበት ሆስፒታል በዓለም ላይ ከተጀመረ ብዙ ዘመን አይሆነውም። በፓሪስ ከተማ የሕሙማን ሕፃናት ሆስፒታል የተከፈተው በ1802 ዓ.ም. ነው። በለንደን ደግሞ ቻርልስ ዌስት የተባለው ሐኪም ብዙ ከደከመ በኋላ በ1852 ዓ.ም. በዐሥር አልጋዎች ብቻ የሕፃናት ሆስፒታል አቋቋመ። ከዚያ በፊት ታላላቆቹ ሆስፒታሎች ትንንሽ ልጆችን ለመቀበል ብዙ አይፈቅዱም ነበር። ከምክንያቶቹም አንዱ ሕፃናት ኩፍኝን፣ ትክትክንና ሌላውንም ተላላፊ በሽታ ይዘው ገብተው የተኙትን በሽተኞች ያስይዛሉ የሚል ሥጋት ነበር።

ስለዚህ ሆስፒታልና ተላላፊ በሽታ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሲፈራሩ የኖሩ ናቸው። በዚያ ዘመን የፈራው ሆስፒታሉ ሲሆን የተፈራውም ሕፃኑ ነበር። በኋለኛው ዘመን ግን ነገሩ ተገለበጠና ሆስፒታሉ ተፈሪ፣ የሕፃኑ ወላጅ ደግሞ ፈሪ ሆነ። ይህ መገለባበጥ እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት ወረርሽኞችን በሁለት ወገን ከፍሎ መመልከት ይጠቅማል። አንደኞቹ የሆስፒታልን በር በሕፃናት የሚሞሉ ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ያንኑ በር ባዶ የሚያደርጉ ናቸው።

በሩን የሞሉት ወረርሽኞች

በ1916 ዓ.ም. በክረምቱ ወራት በኒውዮርክ ከተማ የልጅነት ልምሻ ተነሣ። ከ9,000 የማያንሱ ሰዎች ታመሙ፤ ከ2,000 በላይ የሆኑትም ሞቱ፤ የሚበዙትም ሕፃናት ነበሩ። የከተማው የጤና ባለሥልጣኖች በሽታው በገባበት ቤት ደጃፍ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የጤና ወረቀት ሳይዝ ከከተማው እንዳይወጣ ከለከሉ። በቤቱ ለብቻው ሊለይ የማይችለውን የድኻ ልጅ ከእናቱ ወስደው በተላላፊ በሽታ ሆስፒታል ያስተኙት ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ እናቶች ልጃቸው ሲታመምባቸው ደበቁ። ሆስፒታሉ የሞላ ቢሆንም የሞላው በፈቃድ ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ ያላመነበትን መድኃኒት ቤት በግድ መሙላት የሚያመጣውን ጣጣ ኒውዮርክ በዚያ ክረምት አየችው።

ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ይኸው በሽታ በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን ተነሣ። ብሌግዳም በሚባለው የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል በአንድ ቀን እስከ ኃምሳ የሚደርሱ አዲስ በሽተኞች የሚገቡበት ጊዜ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ የመተንፈሻ ጡንቻቸው የሰነፈባቸው ልጆች ነበሩ። ሆስፒታሉ የነበረው «የብረት ሳንባ» የሚባለው መሣሪያ አንድ ብቻ ሲሆን ደረት ላይ የሚታሠሩ ሌሎች ስድስት መሣሪያዎች ነበሩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች መተንፈስ ካቃታቸው 31 በሽተኞች ውስጥ 27ቱ ሞቱ።

በዚህ ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ምክር ሰጠ። ምክሩም የበሽተኛውን ጕረሮ ከፍቶ ቱቦ በማስገባት፣ የጐማ ከረጢት በእጅ እየጨመቁ አየር ወደ ሳንባው መንፋት ነው። በነሐሴ ወር መጨረሻ ገደማ በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ላይ ተሞክሮ ልጅቱ ዳነች። ግን ከረጢቱን ቀንና ሌሊት የሚጨምቅ እጅ ከየት ይምጣ? ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተራ ገብተው በየአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ በጠቅላላውም ወደ 165,000 ሰዓት በእጃቸው አስተነፈሱ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል አባት ይህ የኮፐንሀገን ሥራ ነው ይባላል። እነዚያ ወላጆች ልጃቸውን ወደ ሆስፒታሉ ያመጡት በዚያ ሞት እንደሌለ ቈጥረው አይደለም። ከቤት ይልቅ በዚያ ተስፋ መኖሩን ስላዩ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተነሣው አዲሱ ኢንፍሉዌንዛም የዚህ ወገን ነው። ይህ በሽታ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ሕፃናትንና ወጣቶችን ስለሚይዝ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ተጨናነቁ። ከመጡትም ብዙዎቹ ሕመማቸው ቀላል ስለ ነበር ታይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ወላጆቹ ያመጧቸው ሕመሙ ጠንቶባቸው ሳይሆን የወሬው ብዛት አስጨንቋቸው ነው።

በሩን ባዶ ያደረጉት ወረርሽኞች

ሁለተኛው ወገን በግልጥ የታየው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ ከእስያ ተነሥቶ እስከ ካናዳ ደረሰ። በዓለም ላይ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ይዞ 774 ገደለ። ሕፃናትን እምብዛም አልጐዳም። ነገር ግን ይህ በሽታ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው፤ ይኸውም ዋናው መዛመቻው ሆስፒታል መሆኑ ነው። በቶሮንቶ ከተማ በሽታው በብዛት የተላለፈው በሆስፒታል ውስጥ ሲሆን ከተያዙትም ብዙዎቹ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ነበሩ። ይህ በተሰማ ጊዜ የቶሮንቶ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ድንገተኛ ክፍል ማምጣትን ቀነሱ። በሽታው ሕፃናትን የሚምር ሆኖ ሳለ፣ ወላጆቹን ያራቃቸው የሆስፒታሉ ስም ነው።

ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ የተነሣው ኢቦላ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሆነ። በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ28,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ11,000 በላይ ሞቱ። ብዙ ሐኪሞችና አስታማሚዎች አብረው ስለ ሞቱ፣ ሕዝቡ «ወደ ጤና ጣቢያ የገባ አይወጣም» ብሎ ሸሸ። ወባ የያዘው ሕፃን ሳይታከም ቀረ፤ ክትባትም ተቋረጠ። በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት እንደ ገመቱት፣ ሕክምና ተቋርጦባቸው በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳና በመሳሰሉት በሽታዎች የሞቱት ሰዎች ቊጥር ኢቦላ ራሱ ከገደላቸው ጋራ የሚቀራረብ ነው። እንግዲህ ፍርሀት እንደ በሽታው ሁሉ ገዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የ2020 ዓ.ም. ወረርሽኝ

ኮሮና ወይም ኮቪድ 19 የተባለው በሽታ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ በቻይና ታወቀ፤ መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። ከአውሮፓ አገሮች አስቀድማ የተመታችው ኢጣሊያ ናት። የሰሜኑ ከተሞች ሆስፒታሎች በሽማግሌ በሽተኞች ተጨናንቀው ሳለ፣ እዚያው አገር የሕፃናት ድንገተኛ ክፍሎች ጸጥ አሉ። ሐኪሞቹ የአምስት ሆስፒታሎችን መዝገብ መርምረው በማርች ወር 2020 ዓ.ም. የመጡት ሕፃናት ቊጥር ከቀደሙት ሁለት ዓመታት ከተመሳሳይ ጊዜ ጋራ ሲነጻጸር ከ73 እስከ 88 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ከዚሁም ጋራ ዘግይተው የደረሱ 12 ሕፃናትን ታሪክ ጻፉ። ከ12ቱ እኩሌቶቹ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ፤ አራቱም ሞቱ። ወላጆቻቸው ስለ ምን እንደ ዘገዩ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በሽታው ይይዘናል ብለን ሆስፒታሉን ፈራን የሚል ነበር። ያ አጭር ጽሑፍ በዓለም ያሉትን የሕፃናት ሐኪሞች ያነቃ ደወል ሆነ።

በአሜሪካም የሆነው እንደዚሁ ነው። ከማርች 29 እስከ ኤፕሪል 25 ቀን 2020 ዓ.ም. ባሉት አራት ሳምንቶች የአገሪቱ ድንገተኛ ክፍሎች ጐብኚዎች ቊጥር ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው በ42 በመቶ ቀነሰ፤ ይኸውም በሳምንት ከ2 ሚሊዮን 100 ሺሕ ወደ 1 ሚሊዮን 200 ሺሕ ወረደ ማለት ነው። ይህ የጠቅላላው ሕዝብ ነው። ለብቻ ተለይቶ ሲታይ ግን ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑት ሕፃናት በ72 በመቶ ቀንሰዋል። ከሁሉ ይልቅ የቀሩት በሽታው ከሁሉ ይልቅ የማራቸው ሕፃናት መሆናቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የመቅረታቸው ምክንያት

አንባቢ እዚህ ላይ ሲደርስ «የቀሩት ሕፃናት ሁሉ ተጐዱን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ አይደለም ነው። የቊጥሩ መቀነስ አንድ ምክንያት ብቻ የለውምና ለያይቶ መመልከት ያስፈልጋል።

አንደኛው ምክንያት ሕመሙ ራሱ መቀነሱ ነው። ትምህርት ቤትና መዋያ ሲዘጋ፣ ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብና አፉን ሲሸፍን፣ ጉንፋን፣ የሳንባ ምችና ተቅማጥ የሚያስተላልፉት ተሕዋስያን መንገድ አጡ። በጉንፋን የሚነሣው የአስም ሕመምም አብሮ ቀነሰ። መኪና በመንገድ ላይ ሲያንስና የኳስ ሜዳ ሲዘጋ በዚያ የሚሰበረው እጅና እግርም አነሰ። በእንግሊዝ አገር የሕፃናትን ሞት የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ከኤፕሪል 2020 እስከ ማርች 2021 ዓ.ም. የሞቱት ሕፃናት 3,067 መሆናቸውን ገልጧል። ይህም ካለፈው ዓመት ከ350 በላይ የሚያንስ ነው። በተከተሉት ሁለት ዓመታት ግን ቊጥሩ እንደ ገና ከፍ አለ።

ሁለተኛው ምክንያት ቀድሞም ወደ ድንገተኛ ክፍል መምጣት የማያስፈልገው ቀላል ሕመም በቤት መቅረቱ ነው። በደኅናው ዘመን ለጥቂት ትኩሳትና ለትንሽ ሽፍታ ሁሉ ድንገተኛ ክፍልን የሚያጨናንቅ ብዙ ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ ይህ ሰው በስልክ ምክር ጠይቆ ልጁን በቤቱ አስታመመ። ልጁም ዳነ። ይህ ቢቀጥል የሚወደድ እንጂ የሚጠላ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ፍርሀት ነው፤ የታሪኩም መራራ ክፍል ያለው በዚህ ላይ ነው። የዚህን ጕዳት ለመረዳት የስኳር በሽታን መመልከት ይበቃል። በሕፃንነት የሚጀምረው የስኳር በሽታ ምልክቱ ግልጥ ነው፤ ልጁ ውሃ ውሃ ይላል፤ ሽንት ያበዛል፤ ይከሳል። በዚህ ጊዜ ሐኪም ካየውና ኢንሱሊን ከተሰጠው ከአደጋ ይድናል። ከዘገየ ግን ደሙ ኮምጣጣ እየሆነ ይሄዳል፤ ያስመልሰዋል፤ በጥልቅ እየተነፈሰ ወደ መደንዘዝ ይደርሳል። በጀርመን አገር ከማርች እስከ ሜይ አጋማሽ 2020 ዓ.ም. አዲስ የስኳር በሽታ ከተገኘባቸው ሕፃናትና ወጣቶች ውስጥ 44.7 በመቶ የሚሆኑት ወደ ሐኪም የደረሱት ከዚህ አደጋ ላይ ከወደቁ በኋላ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ወራት እንዲህ ሆነው የደረሱት 24.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። የስኳር በሽታ የትምህርት ቤት መዘጋት አያስቀረውም፤ አፍ መሸፈንም አይከለክለውም። ስለዚህ የቊጥሩ ልዩነት ሊመጣ የቻለው ከመዘግየት ነው።

በብሪታንያም እንዲሁ በኤፕሪል ወር 2020 ዓ.ም. ወደ 2,400 የሚሆኑ የሕፃናት ሐኪሞች ተጠይቀው መልስ ሰጡ። በድንገተኛና በመመርመሪያ ክፍል ከሚሠሩት ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ያህል ዘግይቶ የመጣ ሕፃን ማየቱን ተናገረ። ከሁሉ ይልቅ በብዛት የተጠቀሰው አዲስ የስኳር በሽታ ነበር። በዘጠኝ ሕፃናት ሞት ላይም መዘግየቱ ድርሻ እንደ ነበረው ሐኪሞቹ ገመቱ። በልዩ ልዩ አገሮች ደግሞ ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ በኋላ የሚመጣው ሕፃን እንደ በዛ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ጽፈዋል። «የፈሩት ይደርሳል፤ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለነዚህ ወላጆች በማያስቡት መንገድ ደረሰባቸው። የሸሹት በሽታ ሳይነካቸው ያልጠረጠሩት ሌላው ልጃቸውን ከቤት አገኘው።

በተዘጋ ቤት ውስጥ

ሕፃን ከመንገድ አደጋ በመዳኑ ብቻ ከአደጋ ሁሉ ዳነ አይባልም። ቤት ውስጥም የፈላ ውሃ፣ መድኃኒትና የጽዳት ኬሚካል አለ። በአሜሪካ በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ ሦስት ወራት ስለ ጽዳትና ስለ ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል ለመርዝ መረጃ ማእከሎች የተደወለው ስልክ ካለፈው ዓመት ወደ 20 በመቶ ገደማ ጨመረ። ቤቱን ከበሽታ ለማጽዳት የተገዛው ነገር ልጁ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ ተገኘ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ በቤት የሚደበደበው ሕፃን ነገር ነው። በዚያው አገር በድብደባና በበደል ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡት ሕፃናት ቊጥር ቀነሰ። ነገር ግን ከመጡት ውስጥ ጕዳታቸው ከብዶ በሆስፒታል እንዲተኙ የተደረጉት ድርሻ ከፍ አለ። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመምህራን መንገር አያስፈልግም። በልጅ ፊት ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ «ማን ነካህ?» ብሎ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ መምህሩ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይህ ዐይን ተዘጋ። ስለዚህ የቊጥር መቀነስ ሁልጊዜ የክፋት መቀነስ እንዳልሆነ ባለሥልጣኖች ሊያስተውሉ ይገባል።

የአእምሮና የመንፈስ ጭንቀትም እንደዚሁ ነው። በአሜሪካ ከማርች አጋማሽ እስከ ኦክቶበር 2020 ዓ.ም. ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመጡት መካከል በአእምሮ ጤና ምክንያት የመጡት ድርሻ ከ2019 ዓ.ም. ጋራ ሲነጻጸር በ31 በመቶ ከፍ አለ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሌሎቹ በሽተኞች መቅረታቸው ነው። ነገር ግን በ2021 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል ተብለው የመጡት ሴቶች ልጆች ቊጥር ከ2019 ዓ.ም. በግማሽ ያህል በልጦ ስለ ተገኘ፣ ጭንቀቱ የድርሻ ስሌት ብቻ እንዳልነበረ ታወቀ። ጓደኛና መምህር ማጣት በልጅ ልብ ላይ ምን እንደሚያደርስ ከዚህ ይታያል።

የሕፃናቱ መመለስ

ባዶ የነበረው ክፍል ባዶ ሆኖ አልቀረም። ሰዎች መገናኘት ሲጀምሩ ተደብቀው የነበሩት ተሕዋስያንም ተመለሱ። አር ኤስ ቪ የሚባለው የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃ ቫይረስ በሰሜኑ አገሮች የብርድ ወራት በሽታ ሆኖ ሳለ በ2021 ዓ.ም. በበጋ ተነሣ። በ2022 ዓ.ም. በመከር ወራት ደግሞ ይኸው ቫይረስ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና ባንድነት መጥተው የአሜሪካን የሕፃናት ሆስፒታሎች አልጋ አሳጡ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር በእንግሊዝ አገር የጕረሮ በሽታ የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ጥቂት ሕፃናትን ስለ ገደለ የተደናገጡ ወላጆች ድንገተኛ ክፍሎችን አጥለቀለቁ። ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በፍርሀት የቀረው ሕዝብ አሁን ደግሞ በፍርሀት መጣ።

የክትባት መቋረጥም ዕዳ ጥሎ አለፈ። በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ 25 ሚሊዮን ሕፃናት ከዘጊ አነዳ፣ ከመንጋጋ ቆልፍና ከትክትክ የሚከላከለውን ክትባት ጨርሶ ሳያገኙ ወይም ሳይጨርሱ ቀሩ። የክትባት ነገር በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ባለ ሁኔታ ወደ ኋላ ተመልሶ አያውቅም ነበር።

በአገራችን

በአገራችን የወረርሽኝ ነገር ሲነሣ አረጋውያን አስቀድመው የሚያስታውሱት በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ ነው። ይህ በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ጨረሰ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ዳኑ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ተሰብስቦ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውም ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ ሐኪሞቹ በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ፣ ልጇን የታቀፈች እናት «ሆስፒታል ልውሰደው ወይስ ልተው?» ብላ የምታመነታበት ነገር እንኳ አልነበራትም። ማመንታት የመጣው ሆስፒታሉ ከመጣ በኋላ ነው።

ከ101 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ሕክምና ተለየ። እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ በእኛም አገር ወደ ሕክምና ቤት ለመሄድ የፈራ ብዙ ሰው ነበር። ሆኖም ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ተሠርቷል፤ ይኸውም ወረርሽኙ ገና ሳይበርድ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከ14 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት መሰጠቱ ነው። ክትባት ሰጪዎቹ አፋቸውን ሸፍነው፣ ሕዝቡንም አራርቀው ሥራቸውን ፈጸሙ። ከወረርሽኝ መጠንቀቅና ሌላውን በሽታ መከላከል እርስ በርሳቸው የማይጣሉ መሆናቸውን ይህ ሥራ አስመስክሯል።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገር ያስተምረናል እንላለን።

አንደኛ፣ የመንግሥት ቃል ሁለት ወገን ሊኖረው ይገባል። በብሪታንያ ሕዝቡ በቤቱ እንዲቀመጥና ሆስፒታሎቹን ከመጨናነቅ እንዲያድን በ2020 ዓ.ም. በማርች ወር ታዘዘ። ትእዛዙ ብዙ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን የታመመ ልጅ የያዘ ወላጅ «ሆስፒታሉን አታስቸግር» የተባለ መስሎት ቀረ። ስለዚህ በኤፕሪል መጨረሻ «ሐኪም ቤቱ ክፍት ነው፤ የከፋ ሕመም ያለበት ይምጣ» የሚል ሁለተኛ ማስታወቂያ ማውጣት አስፈለገ። የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ምልክቶቹን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም ለይቶ ለወላጆች አደለ። ቀዩ ወዲያው ወደ ሆስፒታል፣ ቢጫው ሐኪም ጠይቅ፣ አረንጓዴው በቤት አስታም ማለት ነው። ይህ ወረቀት ከአዋጁ ጋራ በአንድ ቀን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ በጠቀመ ነበር። አዋጅ የሚያረቅ ሰው «ተከልክሏል» የሚለውን ሲጽፍ «ይህ ግን አልተከለከለም» የሚለውንም አጠገቡ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሆስፒታል የሚታመነው ሲታይ ነው። በኮፐንሀገን እናቶች ልጃቸውን ያመጡት ተማሪዎቹ በአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሲያስተነፍሱ ስላዩ ነው፤ በኒውዮርክ የደበቁት ደግሞ ልጃቸው በግድ ስለ ተወሰደባቸው ነው። በ2020 ዓ.ም. ብዙ ሆስፒታሎች ለተላላፊው በሽታና ለሌላው በሽተኛ በር ለይተው፣ መንገድ ከፍለው ነበር። ሆኖም ይህን ሕዝቡ ሳያውቅ የተለየው በር ብቻውን ማንንም አላመጣም። መሥሪያ ቤት ያሰናዳውን ዝግጅት ለሕዝብ ማስታወቅ የዝግጅቱ ክፍል እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ወላጅና መምህር ጥቂት ምልክቶችን ሊያውቁ ይገባል። የሚያጣጥር ወይም ከንፈሩ የጠቈረ ሕፃን፣ ለመነቃቃት እምቢ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሽንት ያቋረጠ፣ ውሃ እየጠጣ የሚከሳ፣ በሆዱ ሕመም ቀጥ ብሎ መሄድ ያቃተው፣ በጣም ጨቅላ ሆኖ ትኩሳት የያዘው ልጅ ወረርሽኝ አለ ተብሎ የሚቈይ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ቃል ለዐዋቂ ሰው የተነገረ ነው፤ ዐዋቂ የሚደብቀው የራሱን በሽታ ነውና። ሕፃን ግን በሽታውን ራሱ አይደብቅም፤ የሚደብቁበት ታላላቆቹ ናቸው።

የኮሮና ወረርሽኝ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ጊዜ በ2023 ዓ.ም. በሜይ ወር አብቅቷል። ነገር ግን ከ1916 ዓ.ም. እስከ 2020 ዓ.ም. የቈጠርናቸው ወረርሽኞች እንደሚያሳዩት ሌላው መምጣቱ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ በአንድ ቤት ውስጥ ሌሊት የታመመ ልጅ ይኖራል፤ አባትና እናትም በሁለት ፍርሀት መካከል ይቆማሉ። የትኛው ፍርሀት እንደሚገባ በዚያች ሰዓት ሊያስተምራቸው የሚችል የለም። ስለዚህ ትምህርቱ አስቀድሞ፣ በደኅናው ቀን፣ በትምህርት ቤትና በቀበሌ፣ በጋዜጣና በራዲዮ ሊሰጥ ይገባል። ይህንንም የማድረግ ኀላፊነት በሐኪሞች ላይ ብቻ የተጣለ ሳይሆን፣ ብዕርና ጠመኔ በያዝን በሁላችንም ላይ የተጣለ ነው።